ላፕቶፕ አልነሳ ሲል፦ ዊንዶውስ እንደገና ስለመጫን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ላፕቶፕ ስጠግን ነው የምውለው። ሰው በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣል። አንዳንዱ ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ይመጣል። ገና ከቦርሳው ሳያወጣው «ፎርማት አድርግልኝ» ይለኛል። እኔም መልሼ «ውስጡ ምን አለ?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለዚያች ዝምታ ነው። ዊንዶውስ መጫን ማንም ሊማረው የሚችል ሥራ ነው። ከፎርማት በኋላ የጠፋ ነገር መመለስ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ አንዳንዴም አይሆንም። ስለዚህ የቱንም ያህል ብትቸኩሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሳታነቡ ምንም አትንኩ።

ላፕቶፔ አልነሳም አለ። ፎርማት ላድርገው?

ቆይ፣ ገና ነው። «አልነሳም» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ነው።

ቁልፉን ስትጫኑት መብራትም ድምፅም ከሌለ ነገሩ ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም። ቻርጀሩ ነው፣ ባትሪው ነው፣ ወይም ቦርዱ ነው። መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይነሳም። መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም የሚባለው የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ ነው፤ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መመለስ ብቻ ያስነሳቸው ላፕቶፖች ስንት ናቸው! የፋብሪካው ምልክት መጥቶ እዚያው ከቀረ፣ ክቧ እየዞረች አልጨርስ ካለች፣ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ ወይም እየተነሳ እየጠፋ ካስቸገረ፣ ያኔ ዊንዶውስን ወይም ሃርድ ዲስኩን መጠርጠር ይቻላል።

ሁለት ነገር አሁኑኑ ሞክሩ። አንደኛ፣ የተሰካ ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ኤክስተርናል ካለ ሁሉንም ንቀሉ። ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ ያመጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ ጥፋቱ ጎኑ ላይ የተረሳች ፍላሽ ናት፤ ኮምፒውተሩ ከእሷ ልነሳ ብሎ ሲፈልግ ዊንዶውስ አጣባት። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩት። ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት።

ፋይሌ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?

አብሽሩ፣ በአብዛኛው አልጠፋም።

ዊንዶውስ ማለት የቤቱ በር ነው እንበል። በሩ ተበላሸ፣ አልከፈትም አለ። ዕቃው ግን ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ፎርማት ማድረግ በሩን መጠገን ሳይሆን ቤቱን ከነዕቃው ጠርጎ አዲስ በር መግጠም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን በመስኮትም ቢሆን ማውጣት።

አንድ ክረምት ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ዝናቡ ደሴን ሲያጥባት የዋለበት ቀን ነበር፤ ላፕቶፑን በነጠላዋ ስር ይዛ፣ እሷ ርሳ እሱ ደርቆ ደረሰ። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ ነው፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የለም፣ ማስረከቢያው ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ። ሌላ ቦታ ወስዳው «ፎርማት ካልተደረገ ምንም አይሆንም» ተብላ ነው የመጣችው። ኡቡንቱ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ሰካሁ፣ ከፍላሹ አስነሳሁት። ስክሪኑ ላይ ሲ ድራይቭ ተከፈተ፣ ስሟ ያለበት ፎልደር ወጣ፣ ዴስክቶፕ የሚለውን ስትጫን ጽሑፉ እዚያው ቁጭ ብሏል። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይኸ ነው፣ ይኸ ነው» ስትል አሁንም ይታየኛል። የመቅጃው መስመር እስኪሞላ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳችም። ፎርማቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም እንደዚሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይወርዳል፣ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ላፕቶፑን ከዚያ ታስነሱታላችሁ። ሲጠይቃችሁ «ትራይ» የሚለውን ምረጡ። «ኢንስቶል» የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ ዲስኩ ላይ ልጫን የሚል ነው። ድራይቩ ለማንበብ ብቻ ነው የምከፍተው ቢላችሁም አትደንግጡ፤ ለመቅዳት ማንበብ ይበቃል። ሌላው መንገድ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። መፍታት ካልለመዳችሁ ግን በፍላሹ ይሻላል።

ከመፎርማቴ በፊት ምን ምን ልቅዳ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው ተመልሶ መጥቶ የሚያለቅሰው በዚህ ነው።

ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ የሚሉትን ሁሉም ያስታውሳል። ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፤ ፋይላችን ሁሉ በቴሌግራም በሚመጣበት ዘመን ግማሹ ሥራችሁ እዚያ ሊሆን ይችላል። ፎልደሩን ከነሆዱ ቅዱት።

ነጋዴ ከሆናችሁ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም አትርሱ። ፒችትሪ ዳታውን ዴስክቶፕ ላይ አያስቀምጥም። እናንተ ካልቀየራችሁት በስተቀር ሲ ድራይቭ ውስጥ ራሱ በፈጠረው ፎልደር ነው የሚያኖረው። አንዲት የኮምቦልቻ ሴት፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላት፣ ላፕቶፗን ሌላ ጋ ሰጥታ ተፎርማቶ ወሰደች። ባለሙያው ደግ ነበር፤ ዴስክቶፑንና ፎቶውን ቀድቶላታል። የሁለት ዓመት ሂሳቧ ግን ሲ ውስጥ ነበረና አብሮ ሄደ። እኔ ጋ ስትመጣ አዲሱ ዊንዶውስ ላዩ ላይ ተጭኖበት፣ ብዙ ፕሮግራምም ተጨምሮበት ነበር። ሦስት ቀን ሞከርኩ። የተወሰኑ ኤክሴሎች አወጣሁ፣ ሂሳቡን ግን አላገኘሁትም። ደረሰኞቹን ከካርቶን እያወጣች እንደገና ማስገባት ጀመረች። ፒችትሪ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ላፕቶፑ ደህና በሆነበት ዛሬ ባክአፕ ሠርታችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ እባካችሁ።

ሌላው ፎንት ነው። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የእድር መዝገቦች፣ ፈተናዎች ካሏችሁ ፎንቶቹን ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ቅዱ። ለምን እንደሆነ ታች ላይ እመለስበታለሁ።

ክሮም ላይ ያስቀመጣችሁት የይለፍ ቃል በጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ሲንክ አድርጋችሁ ከነበረ ይመለሳል፤ ካልነበረ አብሮ ይሄዳል። የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል በቃላችሁ ታውቁት እንደሆነ አሁን አረጋግጡ።

ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ የቢትሎከር ቁልፍ አምጣ አለኝ። ምንድን ነው?

ዲስኩ ተቆልፏል ማለት ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡባቸው ሳታውቁት ዲስኩን ይቆልፉታል። ባዮስ ላይ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ላፕቶፑን በሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም ላይ፣ የሆነ ነገር ሲቀየር ወይም ቦርድ ሲነካ ቁልፉን ይጠይቃሉ። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። በስልካችሁ የማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ላይ፣ ላፕቶፑ በተከፈተበት በዚያው አካውንት ግቡ፤ በአብዛኛው እዚያ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን የአይቲ ሰው ጠይቁ።

ቁልፉ ካልተገኘ ፋይሉን ማንም አይከፍተውም። ኡቡንቱም አይከፍተውም፣ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ላይ መሰካትም አይጠቅምም። «እኔ እሰብረዋለሁ» የሚላችሁን ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ግን ይቻላል፤ ያኔ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደጠፋ ቁጠሩት።

ሳልፎርማት የሚስተካከልበት መንገድ የለም?

አለ፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ደጋግመው ሳይነሱ ሲቀሩ ራሳቸው የጥገና ገጽ ያመጣሉ። ካላመጡ የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክታችሁ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር» የሚለውን ምረጡ። እዚያ ውስጥ «ስታርትአፕ ሪፔር» አለ፣ መጀመሪያ እሱን። ችግሩ ዝማኔ ከወረደ በኋላ የመጣ ከሆነ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የሚለውን ሞክሩ። «ሲስተም ሪስቶር» ደግሞ ከቀናት በፊት ወደነበረበት ይመልሰዋል፣ አስቀድሞ በርቶ ከነበረ።

ሁሉም እምቢ ካለ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለ። የተጫኑ ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፣ የግል ፋይላችሁ ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ ሳትቀዱ አትጫኑት። ዲስኩ ራሱ የታመመ ከሆነ መሃል ላይ ይቆምና ከሁለት ያጣ ትሆናላችሁ።

ዲስኩ ራሱ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

በጆሯችሁ። የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። ፋይሉ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ «እስቲ አንዴ» እያላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት፤ በበራ ቁጥር የሚያነበው መርፌ ሰሃኑን ሊጭረው ይችላል። ሌላ ምልክት ደግሞ ባዮስ ውስጥ ዲስኩ ጭራሽ አለመታየቱ ነው። መቅዳት ስትጀምሩ አንድ ፋይል ላይ ደርሶ ድርቅ ካለ፣ ወይም ዊንዶውስ ሲጫን ሁልጊዜ እዚያው ፐርሰንት ላይ ከቆመ፣ እሱም ያው ነው።

ሃርድ ዲስክ ወድቆም ይሞታል፣ በርቶ እያለ ሲንገጫገጭም ይሞታል። ላፕቶፑን ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ከድነው ቦርሳ ውስጥ ከተው ባጃጅ ላይ የሚወጡ ልጆች አሉ። አጥፍታችሁ ውጡ።

መቀየር ካለበት ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ፈጣኑን ዲስክ፣ አስገቡበት። ይህን ለሁሉም ሰው ነው የምመክረው። አሮጌ ላፕቶፕን እንደ ኤስኤስዲ የሚያድሰው ነገር አላየሁም፤ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ሲፈጅ የነበረው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑ የሚቀበለው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ አሳዩ። ባለ 2.5 ኢንቹ ጠፍጣፋ ሳጥን እና እንደ ማስቲካ ያለችው ኤም ዶት ቱ የተለያዩ ናቸው።

ፍላሹን እንዴት ነው የማዘጋጀው?

የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል። ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋ ይሁን። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ስጡት።

ዊንዶውስን ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ። ማውረዱ በነፃ ነው፣ የሚከፈለው ላይሰንሱ ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ቀን በውድ ፓኬጅ ከምታወርዱት የሌሊቱን ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኝታችሁ እያለ ይውረድ። ከዚያ የማይክሮሶፍቱን «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ወይም ሩፎስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ትጠቀማላችሁ። ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ አይሠራም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይደክማል። ሩፎስ ላይ «ፓርቲሽን ስኪም» የሚል ቦታ አለ፣ ዲስኩ የሚከፈልበት መንገድ ማለት ነው፤ ላፕቶፑ ያለፉት አሥር ዓመታት ሥራ ከሆነ ጂፒቲ፣ በጣም አሮጌ ከሆነ ኤምቢአር ምረጡ።

ሁለት ጥንቃቄ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ «ሁሉም ነገር የተጫነበት፣ አክቲቬት የሆነ» የሚባሉ ዊንዶውሶችን አትመኑ፤ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፣ እናንተ ደግሞ በዚያ ላፕቶፕ የባንክ አካውንታችሁን ልትከፍቱ ነው። ሁለተኛው የውሸት ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎ እውነተኛው መጠኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ አለ። ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፣ ሲጫን ግን መሃል ላይ «ፋይል ጎደለ» ይላል። ምክንያቱ ካልገባችሁ ፍላሹን ቀይራችሁ ሞክሩ።

ፍላሹን ሰክቼዋለሁ፣ ላፕቶፑ ግን አያየውም።

ላፕቶፑ ሲበራ ከየት እንደሚነሳ መንገር አለባችሁ። ልክ እንደበራ፣ የፋብሪካው ምልክት ሳይመጣ በፊት ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ። ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9 ነው። ዴል፣ ቶሺባና ብዙዎቹ ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ12። አንዳንድ ሌኖቮ ጎኑ ላይ በመርፌ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ አላት። አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ኤፍ12 ነው፣ ግን መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ ገብታችሁ እንዲሠራ መፍቀድ ሊኖርባችሁ ይችላል። እምቢ ካለ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ይዛችሁ ሞክሩ።

ዝርዝሩ ላይ የፍላሹ ስም ካልመጣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ እዩ።

አንድ ለአሮጌ ላፕቶፕ ባለቤቶች። ሰዓቱና ቀኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስባችሁ ከሆነ ቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ አልቃለች፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው፣ 3 ቮልቷ ሳንቲም የመሰለች ናት። እሷ ስትሞት ባዮስ ያስተካከላችሁትን ይረሳል፣ የአነሳስ መንገዱም ይቀየራል፣ ደህናው ዊንዶውስ «የለም» ይባላል። ጥፋቱ የባትሪዋ ሆኖ ሳለ ስንቱ ላፕቶፕ ተፎርማቷል!

የትኛውን ዊንዶውስ ልጫን?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። መሥራቱን አላቆመም፣ የደህንነት ዝማኔው ግን እንደ ድሮው አይመጣም። ስለዚህ ላፕቶፑ ከቻለ 11 ጫኑ።

መቻሉን በዚህ እዩ። ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ባብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ። ጀነሬሽኑ ከስሙ ይታወቃል፤ ኮር አይ5 ካለው በኋላ 8250 ቢል ስምንተኛ ነው፣ 6200 ቢል ስድስተኛ። እኔ በግሌ 4 ጊጋ ራም ላይ 11 አልጭንም። ይነሳል፣ ግን ሰውየውን ያሰቃየዋል። 8 ጊጋ ይሁን።

ላፕቶፑ ለ11 የማይደርስ አሮጌ ከሆነና ሥራችሁ ኢንተርኔት፣ ጽሑፍና ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን አስቡበት። ቀላል ነው፣ በነፃ ነው፣ ዝማኔም አለው። ፒችትሪ ግን እዚያ ላይ እንደ ወትሮው አይሠራምና ሂሳብ የምትሠሩ አትቀይሩ። ዊንዶውስ 7ን የሚለምኑኝ አሉ፤ ድጋፉ በፈረንጆቹ 2020 ነው ያበቃው፣ ባንክና ኢሜይል ለምትከፍቱበት ኮምፒውተር አልጭንም።

ዲስኩን ሳሳየው «እዚህ ላይ አይጫንም» ይላል። ወይም ዲስኩ ጭራሽ አይታይም።

እዚህ ገጽ ላይ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የዲስኩ ክፍልፋዮች ተደርድረው ይመጣሉ፤ እንበል አንዱ 100 ሜጋ፣ አንዱ 150 ጊጋ፣ አንዱ 300 ጊጋ። ስማቸው ሳይሆን መጠናቸው ነው የሚነግራችሁ። 150ው የድሮው ሲ ከሆነና 300ው ዲ ከሆነ፣ ዲ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ሊኖር ይችላል። ሁሉንም «ዴሊት» «ዴሊት» እያሉ መሄድ ለምዶብናል፤ ዲን አትንኩ።

«ዲስኩ ኤምቢአር ነው» ብሎ እምቢ ካለ ፍላሹ በአንድ መንገድ ተነስቶ ዲስኩ በሌላ መንገድ ስለተከፈለ ነው። በመጫኛው ገጽ ላይ ወደ ጂፒቲ ለመቀየር ግን ዲስኩ በሙሉ መጽዳት አለበት፣ ዲን ጨምሮ። ካልቀዳችሁ ወደ ባዮስ ተመልሳችሁ በድሮው መንገድ አስነሱት። ይህ ግን ለ11 አይሆንም።

ዲስኩ ባዮስ ውስጥ እየታየ መጫኛው ላይ ከጠፋ፣ ላፕቶፑም ኢንቴል 11ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው። ከላፕቶፑ ፋብሪካ ድረ ገጽ የኢንቴል ስቶሬጅ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) አውርዳችሁ ፍላሹ ላይ አስቀምጡና «ሎድ ድራይቨር» በሉት፣ ወይም ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፉ። ዲስኩ ሞቷል ተብላችሁ አዲስ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

እየተጫነ እያለ መብራት ቢሄድስ?

ላፕቶፑ አይሞትም። ዊንዶውሱ ተቋርጦ ይቀራል፣ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ባትሪው የደከመ ከሆነ ግን መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩ። ኤስኤስዲ ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሰዓት በላይ ሊሄድ ይችላል። በፍፁም መቋረጥ የሌለበት የባዮስ ዝማኔ ነው፤ እሱ መሃል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

መብራት ሳይሄድ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ ከስሩ በእጃችሁ ዳስሱት። ከጋለ ፋኑ በአቧራ ተዘግቷል። ከኮምቦልቻ የሚመጡልኝ ላይ ይህ ይበዛል፣ ሙቀቱም አቧራውም ከደሴ ይብሳል። አልጋ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትጫኑ።

ተጫነ፣ ግን ዋይፋይ የለም።

ድራይቨሩ ነው የጎደለው። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ 11 ገና ሲጀመር ኢንተርኔት ካላገኘሁ አላሳልፍም ሲልም ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልፋል። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሮቹን ራሱ ያመጣል።

ወዲያው ግን ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ዳታ እንዲቆጥብ ኔትወርኩን «ሜትርድ ኮኔክሽን» አድርጉት። አለበለዚያ ፓኬጃችሁን በአንድ ቁጭታ ጨርሶ ያስቀምጠዋል።

አማርኛ ጽሑፌ ሁሉ ተበላሸ፤ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየኝ!

አልተበላሸም። ቅድም ፎንት ቅዱ ያልኩት ለዚህ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለአማርኛ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ ሳይለመድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ሲጠፋ ከስሩ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቅ ይላል። ያንኑ ፎንት መልሳችሁ ስትጭኑ ጽሑፉ እንደነበረ ይመጣል። ፋይሉን ተስፋ ቆርጣችሁ አታጥፉ። አንድ አባት የእድራቸውን መዝገብ «ቫይረስ በላው» ብለው ሊያጠፉት ሲሉ ደርሼ፣ ፎንቱን ስጭነው ስሞቹ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ።

ለአዲስ ጽሑፍ ግን ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። ፓወር ግዕዝ የለመዳችሁ እሱን መልሳችሁ ጫኑ፤ ብቻ በዩኒኮድ ጻፉ፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይም እንዲነበብ።

ላይሰንስ መግዛት አለብኝ?

ላፕቶፑ ከፋብሪካው ከዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ ወዲህ ካለው ጋር የመጣ ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ውስጥ ተጽፏል። ያንኑ ዓይነት ከጫናችሁ፣ ማለትም ሆም የነበረውን ሆም፣ ፕሮ የነበረውን ፕሮ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሳያውቁ ፕሮ ጭነው «አክቲቬት አልሆነም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ክራክ የሚባለውን አትንኩ። መጀመሪያ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል ፕሮግራም ለምን እንደዚያ እንደሚል አስቡት።

እኔ አልችልም፣ ለባለሙያ ልስጠው። ምን ልጠንቀቅ?

ከመስጠታችሁ በፊት የራሙንና የዲስኩን መጠን፣ የላፕቶፑን ሞዴል ጽፋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። «ፎርማት አድርግልኝ» አትበሉ። «አልነሳም አለኝ፣ ውስጡ ይህ ይህ አለ፣ እሱ ሳይወጣ ምንም እንዳትነካ» በሉ። የተቀዳውን ሳታዩ፣ ሁለት ሦስት ፋይል ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታረጋግጡ ፎርማቱን አትፍቀዱ። ባለሙያው በዚህ ቢቆጣ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ።

የግል ፎቶ ያለበት ከሆነ፣ በተለይ እህቶቼ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ አስቀዱ። በራሳችሁ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ላይ እንጂ በእሱ ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ። የግድ እሱ ጋ ከተቀመጠም፣ ወደ ላፕቶፓችሁ ተመልሶ ከተረጋገጠ በኋላ እያያችሁ ያጥፋው። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ወንበር አለለት፣ ሻይም ከጎን ይመጣል፤ እስኪያልቅ ተቀምጦ ማየት ይችላል።